ጋሽ አንቀጽና የመምህርቷ ሰሌዳ

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ በስተግራ ባለው በረንዳ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ከጠረጴዛዋ ኋላ የሚቀመጡት ሰውዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ቃለ መሐላ፣ ውክልና፣ ባጭሩ ሰው ከመንግሥትና ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበትን ወረቀት ሁሉ በጽሕፈት መኪናቸው ይመቱ ነበር። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ቢፈለግ ከሦስት አይበልጥም። ደንበኛው ገና ጉዳዩን ጀምሮ ሳይጨርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ ለዚህ አንቀጽ አለው» ስለሚሉ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ አንቀጽ አላቸው፤ ስሙም እዚያው ጸናባቸው። እሳቸውም አልጠሉትም። በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሲመጣ እንዲያውም ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብለው ያያሉ።

ከፍርድ ቤቱ በር በላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተፈልፍሎ፣ የሀገሪቱ መሪ ቃል ተጽፏል፦ «ፍትሕና ርትዕ ለሁሉም»። ይኸው ቃል በየማኅተሙ ዙሪያ፣ በየደብዳቤው ራስጌ፣ በየመታወቂያው ጀርባ አለ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። ምን ማለት ነው ሲባል ግን ፍትሕን እንደ ምንም ይሻገርና ርትዕ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጡ አዛውንት «ፍትሕና ርትዕ የሚባሉት ዳኞች ስንተኛ ፎቅ ናቸው?» ብለው ጋሽ አንቀጽን ጠይቀዋቸዋል። አንዲት ባለጉዳይ ደግሞ ርትዕን ከመርታት ጋር አገናኝታ «ሁሉም የሚረታ ከሆነ ታዲያ የሚሸነፈው ማነው?» ብላ ሙግት ገጥማቸዋለች።

ጋሽ አንቀጽ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ልባቸው ቅቤ ይጠጣል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ያብራራሉ። ፍትሕ ከመፍታት የመጣ ነው፣ ቋጠሮ እንደሚፈታ። ርትዕ ደግሞ በጥንቱ አነጋገር ቀጥ ማለት ነው። መርታትም የተወለደው ከዚያው ነው፣ ቀጥ ያለው ይረታል ተብሎ። «እንግዲህ ማሸነፍ ልጁ እንጂ አባቱ አይደለም» ሲሉ ጣታቸውን ያነሳሉ። ይህቺን አባባል የፈጠሯት ራሳቸው ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የምትበልጣት አላገኙም።

መምህርቷ ወደ በረንዳው የመጣችው ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃናት ስታስተምር ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ ገብተሽ ከጮኽሽ ድምፅሽን ተሰናበቺው» ስላላት ጠመኔዋን አስቀመጠች። ድምፅ የማይጠይቅ ሥራ ስታፈላልግ፣ ከአራተኛው ምሰሶ ሥር ያለውን ቦታ ያሳዩአት ጋሽ አንቀጽ ራሳቸው ናቸው። ክስ በምን እንደሚጀምር፣ መልስ በምን እንደሚዘጋ፣ ሬጅስትራሩ በየትኛው ሰዓት ፊቱ እንደሚፈታ ሁሉ አስተማሯት። የመሪ ቃሉንም ምሥጢር ነገሯት፤ እሷም በትንሽ ደብተሯ ጻፈችው። ያኔ ደስ ብሏቸው ነበር። ተማሪ ማግኘት ደስ ይላል፣ ተማሪው ተማሪ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ።

ዓመት ሳይሞላ ግን ነገር ተገለበጠ። መምህርቷ ድምፅ ስለሌላት በሹክሹክታ ነው የምትናገረው፤ ደንበኛው ሁሉ ወደሷ ጎንበስ ብሎ ምሥጢር እንደሚያካፍላት ዘመድ ይሆናል። ጽፋ ስትጨርስ ታነብለትና «እስቲ ምን እንዳልኩ መልሰው ይንገሩኝ» ትለዋለች። መልሶ መንገር ካቃተው ወረቀቱን ቀድዳ እንደገና ትጽፋለች። የጋሽ አንቀጽ ደንበኛ ከሚጻፍለት ወረቀት ውስጥ አጥርቶ የሚያውቀው የራሱን ስም ብቻ ነበር። ግርማ አለው ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ሰው ግርማውን ትቶ መረዳቱን መረጠ። ከአራተኛው ምሰሶ ሥር ሰልፍ ሲሠራ፣ ከሦስተኛው ሥር አንድ ሁለት ሰው፣ እነሱም ሰልፉ የሰለቻቸው፣ ይቀመጣሉ።

ጋሽ አንቀጽ የሷን ሰልፍ መጀመሪያ በዓይናቸው ጥግ ነበር የሚቆጥሩት። ኋላ ኋላ በጣታቸው ጀመሩ። ልጃቸው፣ አብራቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ፣ ከሥራ ሲመለሱ ፊታቸውን አይታ ቁጥሩን ታውቀዋለች።

«ዛሬ ከአሥር በላይ ነበሩ መሰለኝ» ትላለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«እነማን?»

«የመምህርቷ ሰልፈኞች ናቸዋ! አባዬ፣ ደም ግፊት አለብህ እኮ።»

«እኔን ሰው ሲሰለፍ ምን ያደርገኛል?» ይሉና ራታቸውን እያኘኩ እንደ ተናደደ ሰው መንጋጋቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሬጅስትራሩ ከላይ ወርዶ ወደ በረንዳው ሲመጣ አዩ። ሬጅስትራር ወደ በረንዳ አይወርድም፤ ሰው ነው ወደሱ የሚወጣው። ከጥቂት ቀን በፊት ደግሞ አዲሷ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አንድ ነገር ማሰባቸው ተሰምቶ ነበር። በመግቢያው አዳራሽ ትልቅ ሰሌዳ ሊሰቀል ነው፤ የመሪ ቃሉን ትርጉምና ባለጉዳይ በየቀኑ የሚሰማቸውን የሕግ ቃላት ለተራው ሰው የሚያስረዳ። ጋሽ አንቀጽ ወሬውን እንደ ሰሙ «ታዲያ ከኔ ሌላ ማን አለ?» ብለው ነበር፤ ለሰው ሳይሆን ለራሳቸው። አሁን ሬጅስትራሩ ሲመጣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግማሽ ያህል ከወንበራቸው ተነሡ።

«ደህና አደሩ ጋሽ አንቀጽ» አለና አለፋቸው።

አራተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ ቆመ። የተናገረው ሁሉ በግልጽ ይሰማ ነበር፤ ፕሬዚዳንቷ ሰላምታ ልከዋል፣ ሰሌዳውን አንቺ እንድትጽፊው ይፈልጋሉ፣ አንቺ የምትጽፊውን ማመልከቻ አይተው ሰው እንዲህ ነው መጻፍ ያለበት ብለዋል። ጋሽ አንቀጽ ግማሽ እንደ ተነሡ ቀርተው ነበር። ሰው እንዳያያቸው ብለው ሙሉ ተነሥተው ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። የማይፈልጉትን ያህል ጊዜ እዚያ ቆሙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህርቷ አራት ገጽ ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጠረጴዛቸው መጣች።

«ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች በዚያ ሹክሹክታዋ። «እርስዎ ሳያዩት ወደ ላይ አላወጣውም። ቤት ወስደው በደንብ ይዩልኝ። ቀይ ብዕርዎ አይራራልኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጃቸው ደንበኛ እየለካች ሳለ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ቀይ ብዕራቸውን ከፍተው ነበር። «ይሄ ምን መጻፍ ነው!» ሊሉ ተዘጋጅተው ነበር።

«ፍትሕ፦ ቋጠሮ መፍታት ነው። ሁለት ሰዎች ተቋጥረው ሲመጡ ፍርድ ቤት ይፈታል። ሳይበጥስ።»

«ርትዕ፦ ቀጥ ማለት ነው። ሕግ ሁሉን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ሕጉ ያላሰበው ነገር ሲመጣ ዳኛው ‘ቀጥ ያለው የቱ ነው?’ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ርትዕ ማሸነፍ አይደለም። ማሸነፍ ልጁ ነው፣ አባቱ አይደለም።»

የኔን! አሉ በሆዳቸው። የኔን ነገር! ንዴታቸው ሳይበርድ ደግሞ ሌላ ነገር ወጋቸው፤ እሷ ጋ ሆኖ ያምር ነበር። እሳቸው ጣት እያነሱ ሩብ ሰዓት የሚፈጁበትን በሦስት መስመር ጨርሳዋለች። «ሳይበጥስ» የሚለውን እሳቸው አላሰቡትም። በሠላሳ ዓመት አላሰቡትም።

ቀጠሉ። «ውክልና፦ አፍዎን ለሌላ ሰው ማዋስ ነው። ያዋሱትን በፈለጉ ጊዜ መልሰው ይቀበላሉ።» «ቃለ መሐላ፦ ያዩትን እንዳዩት፣ ያላዩትን እንዳላዩት መናገር። መሐላው ውሸትን እውነት አያደርግም፣ ዋሾውን ግን ወንጀለኛ ያደርጋል።» አንድ ቦታ እንኳ ቀይ የሚያስነካ አጡ።

በሦስተኛው ገጽ ወገብ ላይ አገኙ።

«ይግባኝ፦ ‘ፍርዱ አልተዋጠልኝም፣ ሌላ ዓይን ይየው’ ማለት ነው። የውሳኔውን ግልባጭ በእጅዎ ካገኙበት ቀን ጀምሮ ሠላሳ ቀን አለዎት።»

ስሕተት ነው። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነበበበት ቀን ነው፣ ግልባጩ መቼም ይገኝ መቼ። የድሮው ሕግ ነበር እሷ እንደ ጻፈችው የሚለው፤ ከተለወጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ብዕራቸው ወረቀቱን ሊነካ ደረሰ።

«ምን አገኘህ?» አለች ልጃቸው ከማዶ። «ፊትህ በራ።»

«ምንም» አሉ።

እንግዲህ ሰው ክፉ ነገር ሲያደርግ ሁልጊዜ ክፉ ነገር ላድርግ ብሎ አይነሣም። ጋሽ አንቀጽ ያሰቡት ይህን ነው፦ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ አንድ ጠበቃ ያየዋል፣ ይሥቃል፣ ፕሬዚዳንቷ ያፍራሉ፣ «ለምን ነባሩን ሰው አልጠየቅንም?» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰቡም። ብዕራቸውን ዘጉ። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው፣ «አይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው» ብለው ፈረሙበት።

ሰሌዳው ሰኞ ጠዋት ተሰቀለ፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጥ ነበር፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ። ፕሬዚዳንቷ አጭር ንግግር አድርገው መምህርቷን ወደ ፊት ጠሯት። እሷም በሌላት ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ፣ «ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ አንቀጽ ናቸው» አለች። ሰዉ ዞሮ አጨበጨበላቸው። ጋሽ አንቀጽ በዚያች ደቂቃ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር። ምስጋናው ከሰልፉ ይልቅ አንገበገባቸው፤ እሷ ስታመሰግን እንኳ ትበልጣቸዋለች።

ጠበቆቹ ግን አልሣቁም። ጠበቃ ሰሌዳ አያነብም። ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ አራት ወር ሆነ። ባለጉዳዮች ከሰሌዳው ፊት ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፤ የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ፤ «አሃ!» ይላሉ። ጋሽ አንቀጽ በዚያ ሲያልፉ አንገታቸውን አዙረው ነው።

አንድ ረቡዕ ጫማ ሰፊው ከላይ ከመዝገብ ቤት ወረደ። እዚያው ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለው መንገድ የሚሠራ፣ የበረንዳውን ሰው ሁሉ ጫማ የሚያውቅ ሰው ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር አባታቸው በተዉላቸው የጫማ መስፊያ ክፍል ተካስሰው፣ ፍርዱ ለወንድሙ ወጥቶ ነበር። ወንድሙ ሊዘጋው ይፈልጋል፤ እሱ ሃያ ዓመት ሠርቶበታል። አሁን ደረጃውን እየወረደ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጊዜው አልፏል አሉኝ» አለ፣ መምህርቷ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ጋሽ አንቀጽ እየሰሙት። «ስምንት ቀን አሳልፈሃል አሉኝ። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ! ግልባጩን ከወሰድኩበት ቀን ጀምሬ በየቀኑ በጠመኔ ግድግዳዬ ላይ ምልክት እያደረግሁ ቆጥሬያለሁ። ዛሬ ሃያ ስድስተኛዬ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው እንዲያ ነው።»

መምህርቷ ተነሣች። አዳራሹ ገብታ ሰሌዳውን አነበበች፣ ወጥታ የሕጉን መጽሐፍ ከፈተች። ለጫማ ሰፊው አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «የኔ ጥፋት ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቷ ቢሮ ወጣች።

በማግስቱ ሰሌዳው ወረደ። መምህርቷም ጠረጴዛዋን አጣጥፋ፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ አስደግፋ፣ ቤቷ ገባች።

ጋሽ አንቀጽ ያን ሳምንት እጃቸው እስኪዝል ጻፉ። ሰልፉ ሁሉ ወደሳቸው ዞሯል። የተመኙት ሆነ። ነገር ግን ሰዉ ወረቀቱን ተቀብሎ አይሄድም፤ ፊት ለፊታቸው ይገተራል።

«ምን እንዳሉ ልንገርዎት?» አለቻቸው አንዲት እናት።

«ለምን?»

«መምህርቷ ትጠይቀን ነበራ።»

ሌላው «መምህርቷ መቼ ትመለሳለች?» ይላል፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ፣ እሳቸው እየጻፉለት። እሷ ሄዳም ሰልፉ የሷ ነበር። ጋሽ አንቀጽ በሌለ ሰው መቅናት ምን ያህል እንደሚያደክም ያን ጊዜ አዩት።

በአምስተኛው ሳምንት ሬጅስትራሩን ደረጃው ላይ አገኙት። እንደ ዋዛ አድርገው «ለመሆኑ ያ ሰሌዳ ሲሰቀል የመረመረው ሰው አልነበረም?» አሉት። ለምን እንደ ጠየቁ ራሳቸውም አያውቁትም። ምናልባት ስማቸው ተነሥቶ እንደ ሆነ ማወቅ ፈልገው ይሆናል።

«ፕሬዚዳንቷም ይህንኑ ነው የጠየቋት» አለ ሬጅስትራሩ። «‘ማንም አላየውም፣ እኔ ብቻ ነኝ’ አለች። ምን ዓይነት ቸልተኝነት ነው? አንድ ሰው ብታሳይ ምን ነበረበት! እርስዎ እንኳ እዚያው አጠገቧ እያሉ።»

ጋሽ አንቀጽ ደረጃውን ወርደው ወደ ቤታቸው አመሩ። ፊርማቸው ያለበት ወረቀት እጇ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከኪሷ ብታወጣው ግማሹ ሸክም ከትከሻዋ ይወርድ ነበር። አላወጣችውም። ሽማግሌ መምህሯን ላለማስነቀፍ ብላ ለብቻዋ ተሸከመችው። ቤታቸው ሲደርሱ የተሰማቸው ምን እንደ ሆነ ገባቸው። ኀፍረት ብቻ አልነበረም። ቀንተው ነበር። በደግነቷም ቀንተው ነበር።

ልጃቸው ኮታቸውን ስትቀበላቸው ሁሉንም ነገሯት፤ ቅዳሜ ከሰዓቱን፣ የተዘጋውን ብዕር፣ ፊርማውን። ልጅቱ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቆማ ሰማቻቸው።

«እኔ እኮ እዚህ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «ፊትህ በራ ብዬህ ነበር። ለዚህ ነበር የበራው?»

«ለዚህ ነበር።»

«እና ጫማ ሰፊውስ? እሱ ምን አደረገህ?»

በማግስቱ ጠዋት ጫማ ሰፊውን ከክፍሉ በር ላይ አገኙት፤ ዕቃውን በካርቶን እየከተተ ነበር። ከሱ ጋር ምን እንደ ተነጋገሩ ለማንም አልተናገሩም፤ ሰው ያየው ጫማ ሰፊው መዶሻውን መሬት ላይ ሲወረውርና ጋሽ አንቀጽ እዚያው ቆመው ቁጣውን ሲቀበሉ ብቻ ነው። ሲጨርስ ግን ተከተላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጊዜው ያለፈ ይግባኝ የሚቀርብበት የፈቃድ ማመልከቻ ጻፉለት። ከሱ ጋር የሚያያዝ ቃለ መሐላም በራሳቸው ስም ጻፉ፤ እናታቸው ባወጡላቸው ስም። ጽፈው ሲጨርሱ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለደንበኛቸው አነበቡለትና «እስቲ ምን እንዳልኩ መልሰህ ንገረኝ» አሉት።

«ስሕተቱን አይተው ዝም አሉ» አለ ጫማ ሰፊው። «ቀንተው።»

«ልክ ነው» አሉ።

ችሎቱ የተሰየመው በሳምንቱ ነበር። ፕሬዚዳንቷ መሀል ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ጆሯቸው የከዳቸው አንጋፋ ዳኛ አሉ። መምህርቷም ተጠርታ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች።

«እዚህ ቃለ መሐላ ላይ ‘ቀንቼ’ የሚል አለ» አሉ ፕሬዚዳንቷ። «በሕግ ቋንቋ ምን ማለትዎ ነው?»

«በሕግ ቋንቋ ፈልጌ አጣሁለት፣ ክብርት ሆይ» አሉ ጋሽ አንቀጽ። «ቸልተኝነት ብዬ ነበር፣ ሰረዝኩት። ቸልተኛ አልነበርኩም፣ አጥርቼ ነው ያየሁት። ዘንግቼ ብልም ውሸት ነው። ሰሌዳውን እኔ ልጽፈው ይገባኛል ብዬ ነበር። እሷ ጻፈችው። ጥሩ አድርጋ ጻፈችው። ስሕተቱን ሳገኝ ደስ አለኝ። ይኸው ነው።»

አንጋፋው ዳኛ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ምን ቀናቸው? ምን ተሳካላቸው ነው የሚሉት?»

«አልቀናኝም፣ ክቡር ዳኛ!» አሉ ጋሽ አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ቀናሁ ነው የምለው!»

አዳራሹ ሣቀ። ጋሽ አንቀጽ አልሣቁም። ወደ ኋላ ዞር ብለው መምህርቷን አዩ፤ እሷም አልሣቀችም።

ዳኞቹ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ተማከሩ። ከዚያ ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ። «ሕጉ ስለ ቀን አቆጣጠር ግልጽ ነው፣ አመልካቹም አሳልፏል። ነገር ግን ፍርድ ቤት በገዛ ግድግዳው ላይ የጻፈውን አምኖ የመጣን ሰው ‘ማን እመን አለህ’ ሊለው አይችልም። ሕጉ ስለ ሰሌዳ ያሰበው ነገር የለም። ሕጉ ካላሰበ ቀጥ ያለውን መፈለግ የኛ ሥራ ነው።» ለጫማ ሰፊው ይግባኙን እንዲያቀርብ ፈቀዱ። ጋሽ አንቀጽን ደግሞ ለሦስት ወር ከበረንዳው አገዷቸው። የሥራ ፈቃዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሬጅስትራሩ ሰጡ።

መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው። ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መዳፏን አነሳች።

«ከአምስት ሳምንት በላይ አእምሮዬ ከዳኝ ብዬ ነበር» አለች። ሹክሹክታዋ ያን ቀን ከጩኸት ይብስ ነበር። «ያን ገጽ ሺህ ጊዜ አነበብኩት። እኔ ባላየው ጋሼ እንዴት አላዩትም እያልኩ። ለካስ ዓይንዎ ደኅና ነበር። አሁን ይቅርታ አይጠይቁኝ፣ ጋሼ። ከጠየቁኝ ይቅር ማለቴ አይቀርም፤ ገና አልፈለግሁም።»

እና አልጠየቋትም። ሦስቱን ወር ቤታቸው ተቀምጠው ለልጃቸው ቁልፍ ተከሉ፣ ክር አወጡ፣ ጠርዝ ፈቱ። ደንበኛ መጥታ «ይሄ የቁልፍ ቀዳዳ እንዴት ያምራል!» ስትል ልጃቸውን ነበር የምታመሰግነው፤ ጋሽ አንቀጽ ያን ጊዜ ሳያስቡት አንገታቸው ይገተራል። ልጃቸው ታየዋለች። «አባዬ፣ በኔም?» ትላለች። «በአንቺም» ይላሉ፤ ሁለቱም ይሥቃሉ።

የጫማ ሰፊው ይግባኝ ታየ። ሙሉ በሙሉ አልረታም፤ ክፍሉ የሁለቱም ነው ተባለ። ወንድማማቾቹ መሀሉን በኮምፖንሳቶ ከፍለውት በአንዱ ጎን ጫማ ይሰፋል፣ በሌላው ጎን ታናሹ የሞባይል መሸፈኛ ይሸጣል። ሰላምታ የጀመሩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጋሽ አንቀጽ ሲመለሱ አዲሱ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ከግርጌው የመምህርቷ ስም ብቻ አለ። ፊት ለፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል፣ አነበቡት። ሐቁን ለመናገር፣ ስሕተት ይፈልጉ ነበር። አላገኙም፤ ትንሽ ቅር አላቸው። ከዚያ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። መምህርቷ «ደህና አደሩ» አለቻቸው፤ ከዚያ ያለፈ አልተናገረችም። ለሳምንታትም እንዲሁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የሷ ሰልፍ በረንዳውን ጨርሶ ደረጃው ድረስ ወረደ። ከሳቸው ዘንድ ማንም አልነበረም። ጋሽ አንቀጽ ሃያ ሦስት ሰው ቆጠሩ። ከዚያ ተነሡ፣ ሰልፉን አልፈው ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ።

«መምህርት» አሉ። «ዛሬ ሃያ ሦስት ደርሰውልሻል። አንጀቴ አሯል።»

ብዕሯን ይዛ ቀና አለች።

«እና ምን ላድርግዎት?»

«ምንም። ዝም ስል የማደርገውን ስለማውቀው ነው የምነግርሽ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፅ ስለሌላት እየሣቀች መሆኑ የገባቸው ትንሽ ቆይተው ነው።

«እሺ ጋሼ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ነገም ካረረዎት ይምጡ» ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

በማግስቱም ሄዱ። አንዳንዱን ሳምንት ሦስት ጊዜ ይሄዱ ነበር።